ነጣዩ ያላተረፈው

በአዳማው የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ የሥራ ቀን የሚጀመረው የዶክተር ዳምጠውን ማኪያቶ በመበታተን ነበር። ነጣይ፣ ማለትም የተደባለቀን ሁሉ እስከ ቅንጣቱ ለያይቶ በየብልቃጡ የሚያስቀምጠው መሣሪያ፣ የሚፈተሸው በዚያ ነው፤ ወተቱ ለብቻ፣ ቡናው ለብቻ፣ ስኳሩ ለብቻ። ዶክተሩ ሦስቱንም በየተራ ወደ አፋቸው ይልኩና «ሆድ ውስጥ ይታረቃሉ» ይላሉ።

ያን ቀን ለላቦራቶሪው ባለሙያ ለወይንሸት የደረሳት ናሙና ከአንድ ሰጋር ግንባር ላይ የተፋቀ ቅርፊት ነበር። ሰጋር ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ መኪና ነው። ቅርፊቱ ጥፍር አያክልም፤ ሰማያዊ ቀለምና ደም። ደሙ መንገድ ዳር ወድቆ ተገኝቶ የሞተው የወጣቱ የናሁሰናይ ነው። የሰጋሩ ባለቤት አቶ ግርማቸው ግን አልገጨሁም፣ እንዲያውም ወድቆ ባገኘው ተሸክሜ ሐኪም ቤት አደረስኩት፣ ደሙም ያኔ ነው ሰጋሩን የነካው ባይ ናቸው። የልጁ እናት እማማ የሻረግ በየቀኑ እየመጡ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣሉ። ካሳም እስርም አልጠየቁም፤ አንድ ሰው «እኔ ነኝ» እንዲላቸው ብቻ ነው የፈለጉት።

ከማንኛውም ናሙና ቆንጥሮ ሳይነኩ ማስቀረት የቤቱ ደንብ ነው። ወይንሸት ቅርፊቱን አየችው፤ አነሰባት። ለእማማ የሻረግ ብላ፣ ደሙ አልበቃም እንዳይባል፣ እንዳለ ጨመረችው። ነጣዩንም «ፍጹም» የሚለው ላይ አደረገችው።

ውጤቱ የሚያስጨበጭብ ነበር። ደሙ የናሁሰናይ፣ ያለ ጥርጥር። ቀለሙ የሰጋሩ፣ ያለ ጥርጥር። ሳይለይ የቀረ ካለ የሚጠራቀምባት ሳህን የተላሰች ትመስላለች። ዶክተሩ እንዲህ ያለ ጥራት በአህጉሩ ታይቶ አያውቅም ብለው ኬክ አስመጡ።

ኬኩ ሳያልቅ ከፍርድ ቤት ጥያቄ መጣ። ደሙ ሰጋሩን መንካቱን አቶ ግርማቸውም አልካዱም፤ ዳኛዋ የፈለጉት አነካኩን ነው። በግጭቱ ግለት ከቀለሙ ጋር ቀልጦ ተዋህዷል ወይስ በኋላ ላዩ ላይ ፈስሶ ደርቋል?

ወይንሸት ሁለቱን ብልቃጦች ጎን ለጎን አስቀምጣ አየች። መልሱ ያለው መገናኛቸው ላይ ነበር፤ ነጣዩ ደግሞ ለመገናኛ የሚሆን ብልቃጥ የለውም።

«ዶክተር፣ መልሶ ማዋሃድ ይቻላል?»

«ማኪያቶዬን መልሰሽልኝ ታውቂያለሽ?» አሉ። ይህን ሲሉ አልሳቁም።

አቶ ግርማቸው ነጻ ወጡ። ያም አልበቃ ብሎ የወደቀ አንሺ ተብለው ተመሰገኑ፤ የሰፈር ሽማግሌዎችም እማማ የሻረግ ሄደው ባለውለታቸውን እጅ እንዲነሱ መከሩ። ሄዱ። እጅ ነሱ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው መጡ።

ወይንሸት ያደረገችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ብልቃጦቹንና ባዶዋን ሳህንም ፊታቸው ደረደረች።

«ይሄ ደሙ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ይሄ ቀለሙ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ጥፋቱን የቱ ውስጥ ከተታችሁት፣ ልጄ?»

እማማ የሻረግ ባዶዋን ሳህን ሳብ አድርገው በጣታቸው ዙሪያዋን ጠረጉ፤ ጣታቸውን ወደ መብራቱ አንስተው ፊትና ኋላውን አዩት።

«ንጹሕ ነው» አሉ።