የኋላ ወንበር እንቅልፍ

«ሻይዋን እንደ ጠጣ ነው የሞተው!» ትላለች ባንቺአየሁ፣ ወደ አያ ላቀው ግቢ ለሚገባ ሁሉ። ጠዋት ያለችው ይህንኑ ብቻ ነበር። ረፋዱ ላይ «ሻይዋ ውስጥ አንድ ነገር ነበረበት» ሆነ። ቀትር ሲሆን መርዙ ከገዳሪፍ ገበያ በየትኛው በር በኩል እንደ ተገዛ ሳይቀር ታውቅ ነበር።

ሟቹ ስንሻው ነው፤ ከመተማ ቆላ የሚመጡትን አጫጆች ለሰሊጥ እርሻዎች የሚያከፋፍል ወኪል። ያን ዕለት በማለዳ አሮጌ ላንድክሩዘሩ ከእርሻ መጥታ እዚህ ግቢ ስትቆም፣ ሹፌሩ ታምሬ ወረደ። ስንሻው ግን ከኋላ እንደ ተኛ ቀረ።

ከእርሻው ደጃፍ፣ መገንጠያው ላይ ሻይ የምትሸጠውን ሐመልማልን ጎረምሶች በሎሪ ጭነው አመጧትና ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ቆለፉባት። ስንሻው ላግባሽ ብሏት እምቢ ብላዋለች። በሰው ፊት ሲያዋርዳትም «ከእጄ ሻይ የምትጠጣበት ቀን የተቆጠረ ነው» ማለቷን ያልሰማ የለም። ወረቀት የላትም። ፖሊስ እጅ ከገባች ወይ እስር ነው፣ ወይ ድንበር።

የሐበሾቹ ሽማግሌ አያ ላቀው ራሒማን ያስጠሩት ለዚህ ነው። ራሒማ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት። የሰውን ውሸት ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ ስታመላልስ ኖራ፣ ውሸት በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ላብ እንዳለው ለይታለች።

«ልጄ፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሏት። «ከዚያ ልጅቱን ፖሊስ ይረከባታል።»

«ሬሳው ሳይናገር አፉን ልትሞሉት ነዋ! እጁን ያሳዩኝ።»

የገነዙት እሳቸው ነበሩ። ጨርቁን ገለጥ አደረጉላት። መዳፉ ሂና እንደ ተቀባ ሙሽራ ቀልቷል፤ ጥፍሮቹም እንዲሁ። ራሒማ እንዲህ ያለ እጅ ፋው ከተማ አይታለች፤ በር ዘግተው ከሰል አንድደው አድረው ከሞቱ ሰዎች ላይ።

ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሄዳ አፏን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠጋች። የሰሊጡ ሽታና ሙቀቱ ፊቷን መታት።

«አንች፣ ታምሬስ ጠጥቷል?»

«ሁለቱም ከአንድ ማንቆርቆሪያ። ታምሬማ ደገመ። ስንሻው እንደ ልማዱ ከኋላ ገባ፣ ሸራውን ጋረደና ተኛ።» የሐመልማል ድምፅ ደክሟል። «እህቴ፣ እዚህ ውስጥ አየር የለም።»

«እሱም ጋ አልነበረም» አለቻት ራሒማ።

ታምሬ የመኪናዋን ጎማ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ሥር ቶምባክ የሚሉትን ትንባሆ ወትፎ አፈሩን በትፋት ያረጥባል። የኋላ መስታወቶች ሁሉ ዝግ ናቸው፤ የእሱ ግን እስከ ታች ወርዷል።

«በዚያ አቧራ መስታወት ከፍተህ መጣህ?»

«ቶምባክ አለብኛ! የት ልትፋው፣ ኪሴ?»

ራሒማ ጣቷን በበሩ ላይ ጎተተች። አቧራው እንደ ተነፋ ዱቄት የለሰለሰ ነበር።

«የመኪናዋ ጭስስ እንዴት ነው?»

«እኔ መሪዋን እንጂ ሆዷን አላውቅም። አደምን ጠይቂ።» እንደ ገና ተፋ። «እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መታወቂያዬ ስድስት ዓመት በስንሻው ኪስ አደረ። ታማ የምትጠብቀኝን እናቴን አንዴ ልያት ስለው ‹ከአጨዳ በኋላ› ይለኛል። አጨዳው አለቀ። ዛሬ ደግሞ ጎማ እንግዛ ብሎ አስነሥቶኝ ይኸው!»

መካኒኩ አደም ስሙ ሲነሣ ደረቱን ነፋ። «ወላሂ፣ የኔ ሥራ አያፈስም! ባለፈው ሳምንት ‹ከኋላ የተቀመጠ ሁሉ ያንቀላፋል፣ ራሱን እያመመው ይነሣል› ብለው አመጧት። የጭስ ማውጫዋን፣ የማርሚታዋን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ አፈንን፣ ሞተሩን አስነሣን፣ ቧንቧው ላይ የሳሙና ውኃ አፈሰስን። አረፋው ከኋላ ወንበር ሥር ካለው መጋጠሚያ ቡልቅ አለ። በቲማቲም ሰልሳ ቆርቆሮ ጠቅልዬ በሽቦ አሰርኩት። የወለሉንም ቀዳዳ ሬንጅ በነከርኩት ጆንያ ደፈንኩት።»

«ጨርቁን ማን ያዘልህ?»

«ታምሬ ነዋ።»

ራሒማ ከመኪናዋ ሥር ተንጋልላ ገባች። ስትወጣ ቀሚሷ ጠቁሮ ነበር፤ ፊቷ ግን በርቷል። ባንቺአየሁን ከመካከል ጠራቻት።

«እትዬ፣ በሻዩ ሞተ ብሎ የነገረሽ ማን ነው?»

«ታምሬ ራሱ! ገና ከመኪናው ሲወርድ፣ እዚህ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች...»

«ሽማግሌዎች? በዚያ ማለዳ እዚህ ምን ይሠሩ ነበር?»

የባንቺአየሁ አፍ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ። አያ ላቀው ቀድመዋት «የሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ጋር አይገናኝም» አሉ። ራሒማም ፀሐይዋን አይታ ነገሩን አለፈችው። ቸኩላ ነበር፤ መልሱንም ያገኘች መስሏት ነበር።

ግቢው ተዘጋ። ሁሉም በመኪናዋ ዙሪያ ቆሙ፤ ሐመልማልም በሁለት ጎረምሶች መካከል ቀረበች። አደም ማርሚታዋን አፈነ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ የሳሙናው ውኃ ፈሰሰ። አረፋው ከመጋጠሚያው ተንተከተከ። ራሒማ የኋላውን ምንጣፍ ገለጠች፤ ጭሱ በባዶው ቀዳዳ ትንን እያለ ወጣ።

«ስንሻውን የገደለው ይህ ነው» አለች። «መዳፉን ያቀላው የሻይ መርዝ አይደለም። ሸራ ጋርዶ፣ መስታወት ዘግቶ፣ ቀዳዳው ላይ ተኛ።»

«ቢበጠስስ? ሽቦ ነው እኮ!» አለ ታምሬ።

«የተበጠሰ ሽቦ ጫፉ ይሾላል። ይኸኛው የጥምዝምዙ ምልክት እንዳለ ነው፤ በፒንሳ ተፈትቷል። የጆንያውን ውታፍ ደግሞ ከወንበርህ ሥር አገኘሁት። መቼም እግር አውጥቶ አልሄደም። የመኪናዋን ሆድ አላውቅም ያልከኝ አንተ፣ ጭሱ ሲፈለግ ጨርቅ ይዘህ ነበር።»

«ወንበሬ ሥር ማንም ሊወረውረው ይችላል።»

«እሺ፣ ወደ በርህ ና። አሮጌው ትፋትህ ከአቧራው ሥር ጅረት ሠርቷል። በዛሬው አቧራ ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለም። አፍህ ባዶ ከሆነ ያን ሁሉ አቧራ ለምን ተጋትከው? ጭሱ እንደሚመጣ የሚያውቅ ብቻ ነው መስታወት የሚከፍት።»

ታምሬ በሩን አየ። ቶምባኩን ከከንፈሩ አውጥቶ ጣለ።

«ያንቀላፋል ብዬ ነው» አለ። «ሁሉም ይተኙባት ነበር፤ ሁሉም ይነሡ ነበር። መታወቂያዬን ከኪሱ አውጥቼ በመተማ ልሻገር ነበር። ሸራውን ስገልጠው...»

«ከዚያስ ይህችን ሰጠሃቸው።»

«ፈራሁ። መሄጃ አጣሁ።»

ጎረምሶቹ ሐመልማልን ለቀቋት። በቁሟ ውኃ ጠጣች፤ ኩባያውን አራግፋ ወደ ባንቺአየሁ ዞረች። «እትዬ፣ ሻይ ልቅዳልሽ?»

ታምሬ እጆቹን ለመታሰር አቀረበ። «የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። ብቻ ለእናቴ አትንገሯት። ሲሻላት እኔው እነግራታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ያኔ ራሒማ በዚያ ሐሩር ያልወለቁትን ጋቢዎች፣ በማለዳ የተደረደሩትን አግዳሚዎች አየች። ያለፈችው ጥያቄ ተመልሶ መጣባት።

«ታምሬ፣ ቁጭ በል» አሉ አያ ላቀው።

«እንደ ቆምኩ ይንገሩኝ።»

«ዘንድሮ ስንሻው እንዳይለቅህ ያልነው እኛ ነን። መርዶህን በመንገድ፣ ብቻህን እንዳትሰማው ብለን። ዛሬ በማለዳ ያስነሣህ ለጎማ አይደለም፤ እዚህ፣ በእኛ መካከል እንድታለቅስ ነው። እናትህ በሐምሌ አርፋለች።»