ሦስት ቋጠሮ ያለው ክር

«ኧረ ባክሽ ይኼ ምንድነው?» አለች ባህሪያ።

ዙህራ ከጓሮ የተሰጣውን ልብስ ሰብስባ፣ በዝናብ ርሳ ስትገባ ጓደኛዋ የስፌት መኪናው አጠገብ ቆማ ነበር። የመጣችው ሊያጠኑ ተቀጣጥረው ነው፤ ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቷል። አሁን ግን ደብተሯን አልጋው ላይ ጥላ፣ በሁለት ጣቷ ነጭ ጡት መያዣ አንጠልጥላለች። ቀኝ ወገኑ በወጉ ተሰፍቷል። ግራው ልሙጥ ጨርቅ ነው፤ ከላይ አፉ የተከፈተ ኪስ ይመስላል።

«አንዱ ተራራ፣ አንዱ ሜዳ! ጂኦግራፊ እያጠናሽ ነው እንዴ የሰፋሽው?»

«አስቀምጪው።»

«የማነው? ወላሂ ለማንም አልናገርም።»

ባህሪያ ለማንም አልናገርም ካለች ወሬው ሂርማታ ገበያ ደረሰ ማለት ነው።

«የማንም አይደለም» አለች ዙህራ። «አቆራረጡን ተሳስቼ አበላሽቼው ነው።» ቃሉን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«አንቺ? ዙህራ ተሳሳተች?» ባህሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ዛሬማ ዝናቡ ዝም ብሎ አልጣለም!»

በዚያ ጊዜ ጡት መያዣ ከጅማ ሱቆች ከጠፋ ቆይቷል። የቦሳ አዲስ ሰፈር ሴቶች የሚመጡት ወደ ዙህራ እናት፣ ወደ ለጢፋ ነው። ለጢፋ አቡጀዴ ሲገኝ በአቡጀዴ፣ ሲጠፋ ከአሮጌ አንሶላ፣ ጡት መያዣና ከዚያው ጨርቅ የተቆረጠ ሙታንታ ትሰፋላቸዋለች። ላስቲኩና መንጠቆው ካረጀ ልብስ ላይ ይፈታል። በሜትር አትለካም። ሴትየዋ ብቻዋን ከመጋረጃው ጀርባ ትገባና ክር በደረቷ ዙሪያ ታዞራለች፤ ከሥር ለሚሆነው ልክ አንድ ቋጠሮ፣ ከላይ ለሚሆነው ሌላ ቋጠሮ ትቋጥርና ክሩን ትሰጣለች። ክሩ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይቀመጣል። ስም አይጻፍበትም። ለጢፋ ሁሉንም በቀለማቸውና በአቋጣጠራቸው ታውቃቸዋለች። ክር አደራ ነው፤ የማን እንደሆነ አይነገርም። አንዲት ሴት «ክሬን መልሺልኝ» ካለች ደግሞ ከእንግዲህ አልመጣም ማለቷ ነው።

የዙህራ ወንድም ቲጃኒ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ የእናቷ ዓይን ደክሟል። ደብዳቤ አልመጣም። መርፌው ላይ ክር ማስገባት ካቃታት በኋላ መቁረጡም መስፋቱም ወደ ዙህራ ዞረ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቋጠሮ ያለው ሰማያዊ ክር ሰጠቻት።

«ሦስተኛው ቋጠሮ ልሙጡ የሚጀምርበት ነው» አለቻት። «አንዱን ሐኪም ቆርጦታል። የአስተማሪሽ የሙሉእመቤት ክር ነው። ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼን ምላስሽም እንዳያውቀው።»

ኪሱ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ትራስ ገና አልተሠራም ነበር። ጥጥ ብቻ ከሆነ ቀሎ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ስለዚህ ለጢፋ መሀሉ ላይ አንድ እፍኝ ዳጉሳ ትጨምርበታለች፣ እንዲከብድና ቦታውን እንዲይዝ። ባህሪያ ያየችው ያለ ትራሱ ነው።

ሰኞ በቤት ባልትና ክፍለ ጊዜ ወንዶቹ ለእርሻ ወጥተው ሴቶቹ ብቻ ቀሩ። ዙህራ ስትገባ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ተራራና አንድ ሜዳ ተስሎ አገኘች። ከሥሩ «የዙህራ ፋብሪካ» ይላል።

«ግማሽ ስንት ነው?» አለች አንዷ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዙህራ ሌሊቱን በእናቷ ፈንታ ስትሰፋ አድራ ደክሟት ነበርና ዓይኗን ከደነች። ለመናደድም አቅም ያስፈልጋል።

ቲቸር ሙሉእመቤት ገቡ። ከጥር ወዲህ እንደሚያደርጉት ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«ይኼ ምንድነው?» አሉ ሰሌዳውን እያዩ።

«ዙህራ ናት ቲቸር!» አለች ባህሪያ። «ጡት መያዣ ሰፍታ አንዱን ወገን ረሳችው። ኪስ አደረገችው!»

ሳቁ እንደገና ተነሳ። ቲቸር ሙሉእመቤት ግን አልተንቀሳቀሱም። ደብተሩን የያዘው እጃቸው ብቻ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ዙህራ ዞሩ።

ዙህራ ብድግ አለች። «አዎ ቲቸር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሳላስተውል ቆርጬው ነው።»

ለጥቂት ጊዜ ተያዩ። ቲቸር ሙሉእመቤት ሰሌዳውን ጠርገው ጀርባቸውን ለክፍሉ እንደሰጡ፣ «አርብ የእጅ ሥራ ማስረከቢያ ነው» አሉ። «እያንዳንዳችሁ በቤታችሁ የሰፋችሁትን አንድ ነገር ታመጣላችሁ።» ጠመኔው እጃቸው ላይ ተሰበረ።

በማግስቱ ዙህራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎረቤታቸው እትዬ መንበረ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ለጢፋ፣ አትቀየሚኝ» ይላሉ። «አንቺ ጋ ላሰፋት ያሰብኳትን ጨርቅ ከቀበሌ ሱቅ ሁለት ቀን ተሰልፌ ነው ያገኘኋት። ልጆቹ የሚሉትን ሰማሁ። ክሬን ስጪኝ።»

ለጢፋ ጣሳውን ከፈተች፣ ቀዩን ክር አውጥታ ሰጠቻቸው። አልተከራከረችም። እትዬ መንበረ ሲሄዱ መኪናው ላይ ተደግፋ ተቀመጠች።

«ልጆቹ የሚሉት ምንድነው?»

ዙህራ ነገረቻት። እናቷ የጣሳውን ክዳን መልሳ ከደነች።

«አንድ ቃል ብትናገሪ ስምሽ ይጸዳ ነበር።»

«አውቃለሁ እማ።»

«በዚህ ጣሳ ነው የምንበላው። ሌሎቹም ክራቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ» አለች ለጢፋ ዓይኗን እያሸች። «ነይ፣ ዳጉሳውን ልቀሚልኝ። ጠጠሩ አይታየኝም።»

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ባህሪያ በጭቃው እየዘለለች ደረሰችባት።

«አኩርፈሻል እንዴ? ቀልድ ነበር እኮ፣ አቦ!»

«አላኮረፍኩም። ደክሞኛል።»

«ስሚ፣ ሳስበው ነበር።» ባህሪያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ጨርቅ በዓይንሽ ለክተሽ የምትቆርጪ ልጅ ነሽ። ያ ኪስ ደግሞ ጠርዙ ተጣጥፎ ነበር የተሰፋው። ሰው ተሳስቶ ጠርዝ ያጥፋል? ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። አንድ ወገን የሌላት ሴት አለች ማለት ነው፣ አይደል?»

ዙህራ እርምጃዋን አፈጠነች።

«ጥር ላይ አንድ ወር ሙሉ ሆስፒታል የተኛ ማን ነበር?» አለች ባህሪያ። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ሒሳብ የወጣላት ልጅ ፊት ነው።

«አበላሽቼ ነው አልኩሽ።»

«እንግዲያው ሌላ ያበላሸሽውን አሳዪኝ። ካላሳየሽኝ አላምንሽም» አለች ባህሪያ፤ ተቀይማ ወደ ቤቷ ታጠፈች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቲቸር ሙሉእመቤት ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ። ለጢፋ ነጩን ጡት መያዣ ከነትራሱ፣ ከሙታንታው ጋር አጣጥፋ ሰጠቻቸው። ከመጋረጃው ጀርባ ቆዩ። ሲወጡ ትከሻቸው ቀጥ ብሏል።

«ልክ ነው» አሉ።

«ሲያጥቡት ዳጉሳውን ማውጣት እንዳይረሱ» አለች ለጢፋ። «አለዚያ ይበቅላል።»

ቲቸር ሙሉእመቤት ሳቁ፤ አጭር፣ የደከመ ሳቅ። ከዚያ ወደ ዙህራ ዞሩ።

«የመንበረን ነገር ሰምቻለሁ። በእኔ ምክንያት የእናትሽ ሥራ መበላሸት የለበትም። ነገ ለክፍሉ እናገራለሁ። የእኔ ነው እላለሁ፣ ያልቃል።»

ይህን ሲሉ እጃቸው ሳያውቁት ቦርሳቸውን አንስቶ ደረታቸው ላይ አስደገፈው። ዙህራ እጁን አየችው።

«ቲቸር፣ የእጅ ሥራ የምናስረክበው ነገ አይደል?»

«ነው።»

«የእኔ አልደረሰም። ዛሬ እጨርሰዋለሁ። እሱን ሳያዩ ምንም አይናገሩ፣ እባክዎ።»

ቲቸር ሙሉእመቤት ሊጠይቋት አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቷን አዩና ተዉት። ሰማያዊው ክር ጣሳው ውስጥ እንዳለ ትተውት ወጡ።

ዙህራ ከአልጋው ሥር ካርቶኗን ሳበች። ከታች፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ፖፕሊን አለ፤ ነጭ ሆኖ ትንንሽ ቢጫ አበባ ያለበት። ቲጃኒ ሳይሄድ አጋሮ ወርዶ ያመጣላት ነው። ለአረፋ በዓል የራሷን ልትሰፋበት፣ ጡት መያዣውንም ሙታንታውንም ከአንድ ጨርቅ፣ ዓመት ሙሉ ሳትነካው አስቀምጣዋለች። ሌላ ጨርቅ ቤቱ ውስጥ የለም።

«ለአረፋ ያልሽው አይደል እንዴ?» አለች እናቷ።

«ነው።»

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ቀኙን ወገን በወጉ ቆረጠች፤ ባህሪያ ነገ አገላብጣ ልታየው ነው። ግራው ላይ ስትደርስ፣ በስህተት የተበላሸ እንዲመስል፣ መቀሱን ወደ ውጭ አጣመመችው። እጇ ግን እምቢ አለ፤ ትንሽ ሄዶ ተመልሶ መስመሩን ያዘ። እንደገና ሞከረች። እንደገና ልክ ሆነ።

እናቷ ከመኪናው ማዶ ሆና ትሰማለች። ዓይኗ ባያይም የመቀስ ድምፅ ታውቃለች። ከመቀመጫዋ ተነስታ ጨርቁ እንዳይሸሽ ጫፉን ያዘችላት።

ዙህራ መቀሱን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና መቁረጥ ጀመረች።