ቀበኛ ሳይጠየቅ ተናገረ

ሟቹ፣ የማተሚያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣ የተገኘው በሆዱ ተደፍቶ፣ አንድ እጁ ከማሽኖቹ መደርደሪያ ሥር ገብቶ ነበር። ግንባሩ በመደርደሪያው ጠርዝ ተፈንክቷል፤ የገደለው ግን እሱ አይደለም። አንገቱን የጠቆረ ቀጭን ሰንበር ዞሮታል። ያነቀው ነገር ቆዳውን ሰንጥቆ ስለገባ ደሙ እስከ ኮሌታው ወርዷል። ማነቂያው ግን የለም።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ሆና አይደለም፤ እንዲያውም በር የምትሞላ ሴት ናት። የነካችው ነገር ሳይደማ ስለማይቀር ነው።

በማተሚያ ቤቱ ግቢ ሁለተኛ ሬሳ ሊጨመር ጥቂት ነበር የቀረው። ሠራተኞቹ በሽማግሌው ዘበኛ ልብስ ላይ ደም ሲያዩ በጫማም በብረትም ተቀባብለውታል። ሽማግሌው ሁለት የፊት ጥርሶቹን በመሐረብ ቋጥሮ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ደሙ ከየት መጣ?»

«ቀና ላደርገው ብዬ ነዋ፣ ልጄ! ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። ለካ ሬሳ ማቀፍም ወንጀል ኖሯል።»

«ከእርስዎ በፊት ማን ገባ?»

«እኔ የምጠብቀው የፊቱን በር ነው። የኋላውን እግዜር ይጠብቀው ብለውኛል።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ መጣ። «ሰውየው በደም ተነክሮ እየታየ ምን ይጣራል? ውሰዱትና ገላግሉን። ጣጣችን ብዙ ነው፤ ትልቁ ማተሚያም ዛሬ ሥራ አልቀበልም ብሏል።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትማ እያተመ ነው ትተነው የወጣነው።»

መርፌ ከሰው ጋር አብሮ የሚሞት ማሽን አይታ አታውቅም።

የሟቹ ምክትል ኮሪደሩ ላይ፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆሟል። ከዓመት ዕረፍት የተመለሰው ዛሬ ጠዋት ነው።

«ጩኸት ሰምቼ መጣሁ፤ በሩ ላይ ቀረሁ» አለ። «ውስጥ አልገባሁም። ሬሳ አልወድም።»

«የሚወድም አላጋጠመኝ። ማሽኖቹ ላይ የተሰካውን ይሄን ሁሉ ገመድ የሚያውቀው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ዓይኔን ጨፍኜ እሰካዋለሁ። እዚህ ቤት ምልክት የሚባል የለም፤ ምልክቱ እኔ ነኝ።»

«ትልቁ ማተሚያ የቱ ጋ ነው?»

«ቀበኛ? አሥራ ሁለት ላይ። ስዊቹ ከተገዛ ጀምሮ አሥራ ሁለት!»

ስዊች የሚሉት ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ባለብዙ ቀዳዳ ሣጥን ነው፤ ቀዳዳዎቹ የሚለዩት በቁጥር ነው። ለማሽኖቹ ስም ያወጣ የነበረው ደግሞ ሟቹ ነው። ወረቀት የሚበላውን ማተሚያ «ቀበኛ»፣ የሥራ አስኪያጁን ኮምፒውተር «እንቅልፌ» ብሎታል።

የሟቹ ታናሽ እህት እዚያው ክፍል ቴክኒሻን ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት ከወንድምሽ ጋር ስትጯጯሁ ተሰምቷል።»

«ገመዶቹን አሁኑኑ እናዘዋውር አለኝ፤ ነገ ብዬ ነዋ የጮህኩት። እሱ ነገ የሚባል አያውቅም። ወንድም ጋሼ...»

«ለምን ቸኮለ?»

«ማሽኖቹ ለስዊቹ ራሳቸውን እንዲያስተዋውቁ ሊያደርግ። እንግዳ በር ላይ ቆሞ ‹እገሌ ነኝ› እንደሚለው፣ እያንዳንዱ ማሽን ‹እኔ እገሌ ነኝ› ይላል፤ ሳይጠየቅ፣ ደጋግሞ። ስዊቹ ደግሞ ማን በየትኛው ቀዳዳ እንደመጣ ያውቃል። ከእንግዲህ በሰው ትዝታ አንኖርም አለኝ።»

«እስቲ አሁን ምን እያሉት እንደሆነ አሳዪኝ።»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ከፍታ አነበበች። ደግማ አነበበች። ፊቷ ተለወጠ።

ጥቂት ቆይቶ መርፌ አራቱንም የማሽኖቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል፤ ደሙ ግን አልተነሳም።

«ገዳዩ ተናደደና እጁ የገባውን ገመድ ከስዊቹ ነቅሎ አነቀው» አለች። «ሲጨርስ ጠራረገና የየትኛው ማሽን እንደሆነ ከሌላኛው ጫፉ አውቆ መልሶ ሰካው። ከዚህ ሁሉ ገመድ አንዱን ማን ይመረምራል? አባባ፣ ቀበኛን ያውቁታል?»

«የአጎቴን ላም ከሆነ አዎ።»

«ዘበኛ ቢሆን ኖሮ ገመዱን ከነደሙ ወርውሮት ይሄድ ነበር። የነቀለው መልሶ መሰካት የሚችል ሰው ነው። አንቺስ፣ ቀበኛ የት ነው?»

«ሃያ ላይ። ትናንት ጮኼም ቢሆን በገዛ እጄ ነው ያዛወርኩት። አሥራ ሁለትን ለእንግዶች ኮምፒውተር ትተነዋል፤ እዚያ የተሰካ ወደ ሥራችን መስመር አይገባም።»

«አሁን ግን ‹ቀበኛ ነኝ› የሚለው አሥራ ሁለት ላይ ሆኖ ነው። ያልታተመውም ለዚህ ነው። እሷ ብትገድል ሃያ ላይ ትመልሰው ነበር። ይህን ሁሉ ባዶ ቀዳዳ አልፎ አሮጌው ቀዳዳ ላይ የሚሰካው፣ መዛወሩን ያልሰማ፣ እጁ ግን መንገዱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።» ገመዱን በጓንት ነቀለችው። በጫፉ ካለችው የፕላስቲክ ምላስ ሥር ደም ደርቋል። «ምክትል፣ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ።»

አወጣው። ግን ለማሳየት አልነበረም። የልጅቷን ፀጉር ጨብጦ ጭንቅላቷን ከመደርደሪያው ብረት ጋር አጋጨው። «ወንድምሽ ዓይኔን እያየ ሳቀብኝ! ከእንግዲህ ማሽኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ፣ አንተን የሚጠራ የለም አለኝ! ገመድ መጠቅለል ያስተማርኩሽ እኔ—»

የዘበኛው ዱላ ጉልበቱን አገኘው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ። መርፌ በደረቱ ደፍታው፣ ጀርባው ላይ ተቀምጣ እጆቹን ወደ ኋላ ጠመዘዘች። ሁለቱንም መዳፎቹን ቀጭን ሰንበር አቋርጧቸዋል።

ልጅቷ ከግንባሯ የሚወርደውን ደም በእጅጌዋ እየጠረገች አዲስ ገመድ አወጣችና አንዱን ጫፍ ከቀበኛ መስመር ጋር አገናኝታ ሌላውን ሃያ ላይ ሰካች። ከፎቁ ላይ ቀበኛ አጓራ።

ሥራ አስኪያጁ ዘበኛው ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ... እንግዲህ ይቅር ይበሉን። ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሷል።»

ሽማግሌው መሐረቡን ፈትቶ ዘረጋለት።

«ሁሉም ከሆነማ፣ ልጄ፣ እነዚህንም በየቀዳዳቸው ስካልኝ።»