አሮጊቷ ስታስል

«መኪና በሌለበት ክፍል ውስጥ የመኪና ጭስ ሰው ገደለ ነው የምትለኝ?»

«ሐኪሙ ናቸው ያሉት፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ፖሊሱ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አስከሬኑን አየች። የቤቱ አባወራ መስኮት በሌለው የመኪና ማቆሚያ ክፍል ውስጥ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተዘርሯል። የብረቱ በር ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር የተገኘው። ግቢው ውስጥ ያደረችው ሚስቱ ብቻ በመሆኗ ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቶ በእጁ ያቅጨለጭል ጀመር።

«ቆይ እስኪ፤ ብረትህ የትም አይሄድም» አለችው።

ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል። ሰው ሲያወራላት የምታንቀላፋ ትመስላለች፤ ስንቱን ጮሌ ያሞኘችውም በዚሁ ነው።

ክፍሉ የቤተሰቡ አሮጌ መኪና ማደሪያ ነበር። «አሮጊቷ» ይሏት ነበር። ከወራት በፊት ተሰረቀች፤ ኢንሹራንሱ ካሳ ከፈለ፤ ሟቹም በካሳው ሌላ ገዛ። አዲሷ ግን ኢንሹራንስ ሳይገባላት ከሻጩ ግቢ አትወጣም። አስከሬኑን ያገኘውም፣ አሮጊቷን ከውሉ አውጥቶ አዲሷን ሊያስገባ በጠዋት የመጣው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው።

«ትናንት ራሳቸው ደወሉልኝ» አለ ሠራተኛው። «‹ለአዲሷ ስትመጣ ስለ አሮጊቷም የምነግርህ ነገር አለ› አሉኝ። ምን ሊሉኝ እንደነበር እንጃ። ለእኛ ካሳ ሲከፈል አበቃላት። ብትገኝም ለድርጅቱ ነበር የምትመለሰው።»

«ቁልፏስ?»

«ሁለት ነበራት፤ ሁለቱንም ተረክበናል። ቁልፍ ካልተመለሰ ካሳ አንከፍልም።»

ሚስቲቱ ሳሎን ተቀምጣለች። መስኮቱ ከዚያ ክፍል ትይዩ ስለሆነ ጀርባዋን ሰጥታዋለች።

«እትዬ፣ ንጋት ላይ የሰሙት ነገር አለ?»

«ብናገር አበደች ትላላችሁ።»

«እኔ እብድ አልፈራም፤ ይንገሩኝ።»

«አሮጊቷ ስታስል ሰማሁ። ስትነሳ ልክ እንደ ሰው ታስል ነበር። ከጠፋች ወዲህ በሕልሜ እየመጣች ሰላም ነስታኛለች፤ ዛሬም ቅዠት ነው ብዬ ተውኩት።» እንባዋን ጠረገች። «እሱ ይስቅብኝ ነበር። ‹ካሳዋን በልተናል፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ነበረች እንጂ ናት አይባልም› ብሎ ሕግ አወጣብን። እንግዳ ሲመጣ እንኳ ያርመው ነበር።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ሴትዮዋ አንጀቷን በላቻት።

ቀጥሎ የሟቹን ታናሽ ወንድም ጠራችው። ጋራዥ አለው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል፤ ለቅሶውም የእውነት ነበር።

«አሮጊቷን የምትጠግናት አንተ ነበርክ አሉ።»

«ከእኔ ሌላ ማን ይችላታል? ግትር ናት። የአባታችን መኪና ናት እኮ፤ ሁለታችንም መንዳት የተማርነው በእሷ ነው። ብርድ አትወድም፤ ጠዋት ጠዋት ደህና አድርጋ ካልሳለች አትነሳም።»

ጆሮ ያንቀላፋች መሰለች።

ከዚያ ወጥታ የክፍሉን በር ከውጭ በኩል መረመረችው። ታችኛው ጠርዝ ጥላሸት ጠጥቷል። ከበሩ የአንድ መኪና ርዝመት ያህል ራቅ ብሎ፣ ንጹሁ ሲሚንቶ ላይ ዘይት ጠብ ብሏል። በጣቷ ነካችው፤ ገና አልደረቀም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው በሩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«መንፈስ ዘይት አያንጠባጥብም» ብላ ጀመረች። «እትዬ አልቃዡም፤ አሮጊቷ ንጋት ላይ እዚህ ነበረች። ሟቹ ማን እንደወሰዳት ደርሶበት፣ ለኢንሹራንሱ ላስረክባት መልሳት ብሎታል። የግቢውንም በር ራሱ ከፈተለት። ሰውየው ግን ወደ ውስጥ አላስገባትም። ሟቹ ክፍሉ ውስጥ እያለ በሩን ቀረቀረበት፤ መኪናዋን በኋላ ማርሽ አስጠግቶ የጭስ ማውጫዋን በበሩ ሥር ደቀነው። ጥላሸቱ እዚህ በሩ ሥር፣ ዘይቱ ደግሞ እዚያ ሞተሯ በነበረበት የሆነው ለዚህ ነው።»

«ቁልፎቹ እኛ ጋ ናቸው እኮ» አለ የኢንሹራንሱ ሠራተኛ።

«ሦስተኛ ተቀርጿል። መኪናዋ ከእጁ የማትጠፋ ሰው ነው ያስቀረጸው። ቢሆንም በዚህ ብቻ ሰው አይታሰርም።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «በዚህ ቤት ሁሉም ‹ነበረች› ይላል። አንተ ብቻ ግትር ናት፣ ብርድ አትወድም፣ ካልሳለች አትነሳም አልከኝ። ለአንተ አልሞተችም፤ ጠዋት ጠዋት ታስነሳታለሃ! ባልደረቦቼ አሁን ከጋራዥህ ጓሮ፣ ከሸራ ሥር አግኝተዋታል።»

ወንድምየው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ ሊሸጣት ነበር» አለ። «የአባቴን መኪና ለማንም! ስለዚህ ወሰድኳት። ደግሞ ለድርጅቱ ካልመለስኳት አለ። እነሱ ለቁርጥራጭ ብረት ነው የሚሸጧት። ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ቦታዋን ላጽዳላት ብሎ ሲገባ ዘጋሁበት። ‹በቃ፣ ትቅርልህ› እስኪለኝ ብዬ ነበር።»

«አላለህም?»

«አንኳኳ። ደጋግሞ አንኳኳ። ከዚያ ተወው። እኔ ግን ሞተሩን አላጠፋሁም።»

ፖሊሱ ካቴናውን አጠለቀለት። ሚስቲቱን ነጻ ነሽ ያላት የለም፤ ማንም ወደ እሷ አላየም። እሷ ግን በሩን ትክ ብላ ታየዋለች።

«ማንኳኳቱን እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች በቀስታ። «አሮጊቷ መስላኝ፣ እስኪያቆም ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ።»