ግራጫ የተቀባው ባቡር

በ፲፱፻፬ ዓ.ም. ዝናቡ አባርቶ የመንገዱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ በምድር ባቡሩ መሥሪያ ቤት ግቢ አንድ አዲስ ባቡር ከመንኰራኵሩ እስከ ጭስ ማውጫው ግራጫ ተቀብቶ ቆሞ ነበር፤ ጥቁር ብረት ፀሐይ ሲያርፍበት ስለሚያብረቀርቅ ለፎቶግራፍ አይመችምና። ከፊቱ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ያጎነበሰው የመሥሪያ ቤቱ ፎቶግራፍ አንሺ ነው።

ይህ ሰው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያላነሣው ነገር አልነበረም፤ መኳንንትና ሙሽሮች፣ ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ የድልድይ ሞዴሎች፣ የውሃ መሳቢያዎችና የማተሚያ መኪናዎች በየተራ ፊቱ ቆመዋል። ከሰው መኪና ይሻለኛል ይል ነበር፤ መኪና ዓይኑን አያርገበግብም፣ አፍንጫዬን አሳንስልኝ ብሎም አይጨቀጭቅም። አሁን ግን ሁሉም ሰልችቶታል፤ ወገቡ እሺ አይለውም፣ የማጠቢያው መድኃኒት ሽታም ከልብሱ አልፎ ምግቡ ውስጥ ገብቶበታል።

የባቡሩ ግዝፈት እንዲታይ አጠገቡ ሰው መቆም ነበረበት፤ የቆመውም እሳት አንዳጁ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ከአራት ቀን በኋላ ባቡሩ መኳንንቱን ጭኖ ሲመረቅ ከሰሉን የሚያነደው እርሱ ነበርና፣ አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ቀጥ አለ።

ፎቶግራፍ አንሺው ጨለማ ክፍል ገብቶ የመስታወት ሰሌዳውን ሲያጥብ፣ በምስሉ ላይ፣ የባቡሩ ውሃ በሚፈላበት ትልቅ የብረት ጋን ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አየ። ፀጉር መስሎት ጠረገው፤ አልለቀቀም። ሁለተኛውን ሰሌዳ አጠበ፤ መስመሩ እዚያው ቦታ ላይ ነው። እንግዲህ የተሰነጠቀው ብረቱ ነበር።

ሰሌዳውን ለዋናው ሹም አቀረበ። ሹሙ ወደ መስኮቱ አንሥቶ ብዙ ከተመለከተ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ከጦር አለቃው ፎቶግራፍ ላይ የፊቱን ጠባሳ በብሩሽ ያጠፋኸው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ፣ ክቡር ሆይ።»

«እንግዲያው ይህንንም አጥፋው፤ የምረቃው ቀን ተቆርጧል።»

ወደ ክፍሉ ተመልሶ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ። ድካሙ እሺ ብለህ ተገላገል ይለው ነበር፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እጁ ሰሌዳው ላይ ሲደርስ ግን፣ ከመስመሩ አንድ ስንዝር ርቆ የሚስቱ ወንድም ቆሞ ያየዋል። ብሩሹን አጥቦ አስቀመጠ፤ ሰሌዳዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ዋናው መካኒክ ሄደ። መካኒኩ ነገር የማያበዛ ሽማግሌ ነበር፤ ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አድርጎ ጋኑን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርገው፣ ድምፁ እንደ ነቃ ሸክላ ሆነ። እኔ ቆሜ እያለሁ እዚህ ውስጥ እሳት አይነድም ብሎ መዶሻውን አስቀመጠ።

ምረቃው ሰባት ወር ዘገየ፤ ጋኑ ተለወጠ። መካኒኩን እንዳያሰናብቱት መኪናውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ፎቶግራፍ አንሺው ግን በሳምንቱ ተሰናበተ።

እሳት አንዳጁ ያን ለት ሊያመሰግነው መጥቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ በእኔ የተነሣ ከሥራዎ ወጡ» አለ።

«ስንት ጠባሳ በብሩሽ አጥፍቻለሁ። ይህን ባጠፋው ግን አንተን ነበር የማጠፋው።»

እህቱ ከውስጥ ሆና ሰማች፤ ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ጉድለቱ የተደረሰበት በዋናው ሹም ንቁ ክትትል መሆኑን ይመሰክራል፤ ሹሙም ሜዳልያ ተሸልሞበታል። ፎቶግራፉ መስመሩ በሌላ እጅ ተሸፍኖ በትልቁ አዳራሽ ተሰቀለ፤ ከሥሩ የባቡሩ ክብደትና ርዝመት ሲጻፍ፣ አጠገቡ የቆመው ሰው «ሠራተኛ» ተባለ። ሠራተኛው ግን ሽበት እስኪያወጣ ከሰል አንድዶ፣ አምስት ልጆች ድሮ በአልጋው ላይ ሞተ። ጋኑ ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ ቀኑና የሟቾቹ ቁጥር በታሪክ መጽሐፍ በሰፈረ ነበር፤ ሳይፈነዳ የቀረበትን ቀን ግን የጻፈው የለም።