ሰው የማይደርስበት ሐይቅ

አስናቀ ሐይቅ መምረጥ ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ እስካሁን አንዱም አልጣመውም። ከሥራ እንደተመለሰ ካልሲውን እንኳ ሳያወልቅ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ካርታውን ይዘረጋል፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደርጋል፣ እርሳሱን ይዞ አንዱን ሐይቅ ከሌላው ያማርጣል። ዝዋይ ሰው ይበዛበታል። ላንጋኖ ቅዳሜና እሑድ ሽርሽር የወጣ ሁሉ የሚጨፍርበት ነው። ሐዋሳ የሚስቱ ዘመዶች አሉ፤ አንዷ አክስት ካየችው ምሳ ሳይበላ፣ ከዚያ ደግሞ እራት ሳይበላ አትለቀውም። ጫሞ አዞ አለ። እሱ የሚፈልገው ቆሮሶም አምባዛም ያለበት ውሃ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ግዛቸው ከልጅነቱ ጀምሮ በቀጭን ክር ቆሮሶ ማጥመድ ይወዳል፣ እሱ ደግሞ እጅ የሚገነጥል አምባዛ ካልሆነ ዓሣ ያጠመደ አይመስለውም። ከሁሉም በላይ ግን ሰው የማይደርስበት መሆን አለበት።

“ኤጭ! በዚህ ሁሉ ውሃ ሁለት ሰው አርፎ የሚቀመጥበት አንድ ጥግ ይጥፋ?” አለ እርሳሱን ወርውሮ።

“አሁን ለዓሣ ብለህ ነው እንዲህ የምትቃጠለው?” አለች ሚስቱ የሺመቤት ከወጥ ቤት። “ደውልለትና ይቅርታ ጠይቀው፣ አለቀ።”

እውነቷን ስለሆነ ይበልጥ ተናደደ።

ስድስት ዓመት ሆነው። እናታቸው ሲያርፉ ግዛቸው ጎንደር የመጨረሻ ፈተናውን ለመውሰድ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። አስናቀ እንደ ታላቅነቱ ዘመዱን ሰብስቦ “መርዶው ይቆይ፣ ልጁ ፈተናውን ይጨርስ” አለ፤ ሁሉም ተስማማ፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነውና። ግዛቸው ግን እናቱን ሳይቀብር ቀረ። በአሥራ አንደኛው ቀን መጥቶ ሲረዳ አላለቀሰም፤ ታላቅ ወንድሙን አንድ ጊዜ ብቻ አየው፣ ከዚያ ወዲህ ከ“እሺ” እና ከ“እምቢ” ያለፈ ቃል ሰጥቶት አያውቅም። አስናቀ የሚመኘው ብዙ አልነበረም። ብቻቸውን ይሁኑና ይቅርታውን ይጠይቀው፤ ልጁም ያናግረው፣ ቢሰድበውም ግድ የለም።

በመጨረሻ ስለ ወርቦ የነገረው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው፤ ከአስፋልቱ ወርዶ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ፣ በደን የተከበበ ትንሽ ሐይቅ፣ ቆሮሶም አምባዛም ሞልቶ የሚያጠምደው የጠፋ። ለምን እንደጠፋ አስናቀ አልጠየቀም። ደስ ብሎት ካርታው ላይ ሦስት ጊዜ አከበበው።

“ዓሣ እናጥምድ” ሲለው ግዛቸው “እሺ” ብቻ ብሎ ነበር፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። መንገዱን ሙሉ ከግዛቸው አፍ የወጣው “እሺ” እና “ወደ ግራ ነው” ብቻ ነበር። ታንኳ ያዋሷቸው ሐይቁ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ አቶ ዳንጊሶ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ “አርጅታለች፣ እንዳትቆሙባት” ብለው ሰጧቸው። ዓርብ ጠዋት ግዛቸው ቀጭን ዘንጉን ይዞ ዳር ቀረ፤ አስናቀ ብቻውን ወደ መሐል ቀዘፈ። ደኑ ከዙሪያው ተደፍቶበት ውሃው ጥቁር ነበር፣ የበሰበሰ ቅጠልና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ነበረው፣ ከመቅዘፊያው ከሚንጠባጠበው ጠብታ በቀር ወፍ እንኳ ድምፅ አታሰማም። ምሳ ላይ እነግረዋለሁ፣ ዛሬ አላልፋትም፣ እያለ የሚናገረውን በልቡ ሲደረድር ክሩ ተወጠረ።

አምባዛው የተመኘው ዓይነት ነበር። አስናቀ “ያዝኩህ!” ብሎ በደስታ ብድግ ሲል ታንኳዋ ከእግሩ ስር ተገለበጠች፤ ቅዝቃዜ፣ ጨለማ፣ አፉን የሞላው የጭቃ ጣዕም፣ እግሩ ላይ የተጠመጠመው ክር፣ ጆሮው ውስጥ የሚደልቅ የራሱ ልብ፣ ከዚያም ድለቃው ቆመ። ደህና ሆነ። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ዓሣው ግን አምልጦ ነበር።

“ወይኔ! ቁጭ ብዬ ብጎትተው ምን ነበረበት!” አለ።

ወደ ዳር ሲያይ ግዛቸው ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። አፉ ተከፍቷል፣ ድምፁ ግን እንስራ ውስጥ የሚያወራ ሰው ድምፅ ሆኖ ነው የሚደርሰው። “ምንም አልሆንኩም! ረጠብኩ እንጂ!” ብሎ ጮኸለት። ግዛቸው ዞሮ ወደ ሽማግሌው ጎጆ ሮጠ።

“ይኸው! ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ‘እኔን’ አይባልም? ጭራሽ ጥሎ መሄድ!” አለ አስናቀ፣ ሆድ ብሶት።

ልብሱ አልደርቅ አለው። ፀሐይዋ ከላይ ትታየዋለች፣ ብርሃኗ ግን አረንጓዴ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት የሚባል የለውም፤ ትንሽ ሐሳብ ይዞት ቀና ሲል ጠልቃለች፣ እንደገና ቀና ሲል ነግቷል። አይርበውም። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ዳቦ ሲያወጣው እጁ ላይ ሟሟ። ቆሮሶዎቹ ሳይፈሩት መጥተው ጣቶቹን ይለቃቅማሉ፤ መጀመሪያ አሳቀው፣ ኋላ አንዱ የአውራ ጣቱን ጥፍር ይዞበት ሲሄድ አለማመሙ ትንሽ ገረመው። ሽታውም ተለውጧል፤ የጭቃው ሽታ ቀርቶ ሌላ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ክፉ ሽታ በዙሪያው አለ፣ ከየት እንደሚመጣ ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኘውም።

ከሁሉ ያናደደው ግን ሰዉ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኑ እስኪጠፋ ያማረጠው ሰው የሌለበትን ፈልጎ አልነበረም እንዴ? አሁን ዳሩ በሰው ተጥለቅልቋል። ረጃጅም እንጨት የያዙ ጎረምሶች ጭቃውን ከወዲያ ወዲህ ያምሱታል፤ ሁለት ታንኳዎች ገመድና መንጠቆ እየጎተቱ ከራሱ በላይ ያልፋሉ፣ ሆዳቸው ጥቁር ሆኖ ይታየዋል፣ ተመልሰው መጥተው ደግሞ ያልፋሉ።

“ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ዓሣውን አስበረገጋችሁት!” ቢል ማን ሰምቶት።

አንዲት ሴት ደረቷን እየደቃች ስትጮህ ሰማ። ድምጿ የየሺመቤትን ይመስላል። እሷ ደግሞ እዚህ ድረስ ምን ልትሠራ ትመጣለች፣ ብሎ ተወው። ይህ ሁሉ ሰው ሲተራመስ ግዛቸው ብቻ አይነቃነቅም፤ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ውሃው ላይ ተክሏል።

“ግዛቸው!”

ዝም።

“አንተ ግዛቸው! አንተን እኮ ነው!”

ዝም። ቆየት ብሎ ሲጠራው ልጁ ድንግጥ ብሎ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ሲደፍን አየው። አስናቀ አንጀቱ አረረ። እንዲህም ይጠላኛል ለካ፣ አለ። ያም ሆኖ መጥራቱን አልተወም፤ ሲመሽም ሲነጋም ጠራው፣ እየለመነም እየተቆጣም ጠራው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዉ ገመዱንና እንጨቱን ሰብስቦ መሄድ ጀመረ። ያቺን ሴት በሁለት በኩል ደግፈው መኪና ውስጥ አስገቧት። ዳር ላይ የቀሩት ግዛቸውና አቶ ዳንጊሶ ብቻ ናቸው፤ ሽማግሌው እጃቸውን የልጁ ትከሻ ላይ አድርገዋል፣ ንፋስ ስለሌለ የሚነጋገሩት ቃል በቃል ወደ ውሃው ይወርዳል።

“ዛሬም ሰማኸው?” አሉ ሽማግሌው።

“ከዓርብ ጀምሮ ነው የሚጠራኝ፣ አባባ። በስሜ።”

“ይጥራህ። እዚህ ውሃ ውስጥ የቀረ ሰው ሲጠራ አቤት አይባልም። እንዳትሳሳት። ተነስ ልጄ፣ እንሂድ።”

አስናቀ ደሙ ፈላ። ውሃ ውስጥ ቀረ ስለሚሉት ሰው ምንም አልገባውም፤ የገባው አንድ ነገር ነው፣ ግዛቸው ይሰማዋል። ሦስት ቀን ሙሉ እየሰማው ነው ዝም ያለው! ይባስ ብሎ ትናንት ያወቁት ሽማግሌ በሁለት ወንድማማች መሐል ገብተው ያስኮርፋሉ። ሊጮህባቸው አፉን ሲከፍት የግዛቸውን ፊት አየ። ለእናቱ ያላለቀሰው ልጅ ያለቅሳል፣ እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል። የአስናቀ ንዴት ከላዩ ላይ ወረደ።

“ግዛቸው” አለ፣ በዚህ ጊዜ ሳይጮህ። “ስለ እማዬ ይቅር በለኝ። ፈተናው ይቅር፣ ናና ቅበራት ማለት ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

ውሃው ላይ ጥቂት አረፋ ወጣ። ግዛቸው ከድንጋዩ ተነሳ። አቶ ዳንጊሶ “ተው! በፈጠረህ ተው!” እያሉ ከኋላ ያዙት፤ ጃኬቱ እጃቸው ላይ ቀረ።

“አቤት፣ ጋሼ” አለ ግዛቸው። “አቤት። ይቅር ብዬሃለሁ። መጣሁ።”

አስናቀ ደስ አለው። ስድስት ዓመት የናፈቀው ድምፅ ይኸው ነው። ልጁ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገባ፤ ጭቃው ከስሩ እየደፈረሰ፣ ሽማግሌው ከዳር እየጮኹ፣ መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ወገቡ ጠለቀ። ቆሮሶዎቹ መንገድ ለቀቁለት። አስናቀም ጠጋ ብሎ ከጎኑ ቦታ አደላደለለት።

ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ ግዛቸው ድንገት ፈራና ወደ ዳር መመለስ ፈለገ፤ አስናቀ ግን ከእንግዲህ መኮራረፍ ይብቃን ብሎ፣ ከስር እጁን ዘርግቶ ቁርጭምጭሚቱን ያዘው።