ከሰል የማይገባበት ቤት

ዳኛ ወልደአማኑኤል እሑድ ከሰዓት በኋላ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ፣ ከአልጋቸው አጠገብ ከሰል የሞላ የብረት ምድጃ ይጨስ ነበር። የሚዛን ተፈሪ ሰው ወሬውን ሲሰማ «ጭስ አፍኗቸው ነው፤ ብቸኛ ሰው ምን ይሆናል!» ብሎ ከንፈሩን መጠጠና ወደየጉዳዩ ሄደ።

ከቴፒ የተጠራው መርማሪ መቶ አለቃ ማቴዎስ ግን አልቸኮለም። የሟቹን ጥፍሮች አየ፤ ከንፈራቸውን ገለጥ አድርጎ ውስጡን መረመረ። ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመችው የቤት ሠራተኛ ወደ ማናልሞሽ ዞረ።

«ምድጃውን ማን አስገባው?»

«እኔ አይደለሁም፤ እግዜር ያውቃል! በረንዳው ላይ አቀጣጥዬው ለቅሶ ልደርስ ወጣሁ። ስመለስ እዚህ አገኘሁት። እዚህ ቤት ከሰል አይገባም።»

«ለምን?»

«ባለቤታቸው እማማ ለተብርሃን ማጂ ሳሉ በከሰል ጭስ ነው የሞቱት። እሳቸው ለችሎት ሩቅ አገር ሄደው ነበር። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ቢጠና እንኳ ካፖርት ደርበው ይቀመጣሉ እንጂ እሳት አያስገቡም።»

«ሰሞኑን ቤታቸው የመጣ ሰው አለ?»

«ካድሬው አለሙ መጥቶ ነበር። ዓርብ ደግሞ ትርፌ የምትባል የሸዋ ቤንች አገር ሴት እያለቀሰች መጣች። ከሄደች በኋላ እራት አልበሉም።»

ወልደአማኑኤል በወጣትነታቸው ከቡልጋ መጥተው ማጂ ላይ ዳኛ ሆኑ፤ ፀጉራቸው ሲሸብት ሚዛን ተዛወሩ። ሠርግ አይሄዱም፤ እድር አልገቡም። «አብሬው የበላሁት ሰው ነገ ችሎት ፊት ቢቆም በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ይሉ ነበር። አብዮቱ መጥቶ ሹማምንቱ ሲለዋወጡም እሳቸው እዚያው ወንበር ላይ ቀሩ። ከችሎት ሲወጡ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅላቸዋል፤ አብሯቸው የሚሄድ ግን አልነበረም።

ከተማው በሹክሹክታ የጠረጠረው አለሙን ነበር። የወንድሙ ጉዳይ ለሰኞ ለፍርድ ተቀጥሯል።

«ጓድ አለሙ፣ ዳኛው ቤት ምን አደረሰህ?» አለው ማቴዎስ።

«አልደብቅህም፣ ስለ ወንድሜ ልለምናቸው ነው የሄድኩት። ዝናብ አበስብሶኝ ስለነበር ምድጃውን ላስገባ ብል ጮኹብኝ። ‹መሞቅ ከፈለግህ በረንዳ ውጣ› አሉኝ። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ስለምን፣ እሳቸው ከውስጥ ሆነው ‹አይሆንም› አሉኝ።»

«እሑድስ የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኝቼ። ምስክር የለኝም።»

አቃቤ ሕጉን ብርሃነመስቀልን ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘው። ማቴዎስ እጁን ሲዘረጋለት፣ አቃቤ ሕጉ እጆቹን ከዝናብ ልብሱ ኪስ ሳያወጣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ።

«ስንት ዘመን በአንድ ችሎት ሠራን! ወዳጄ ነበሩ» አለ።

«ቤታቸው ይሄዱ ነበር?»

«ማን ይገባል? ጠርተውኝም አያውቁም።»

«እሑድም?»

«እሑድም።»

«አሟሟታቸውን እንዴት ያዩታል?»

«ምኑ ይታያል? ዝናብ ነበር፤ እንደ ልማዳቸው ምድጃቸውን አስጠግተው ተኙ።»

ማቴዎስ አመስግኖት ወደ ሸዋ ቤንች ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበ። ትርፌም ከማናልሞሽ ጎን ቆማለች።

«ዳኛውን ጭስ አልገደላቸውም» ሲል ጀመረ። «በከሰል ጭስ የሞተ ሰው ጥፍሩ ሥር ይቀላል፤ የእሳቸው ጠቁሯል። የከንፈራቸውም ውስጥ ቆስሏል። በትራስ ታፍነው ሞቱ፤ ምድጃው የገባው ከዚያ በኋላ ነው።»

አለሙ ላቡን ጠረገ።

«ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል ከሰል መረጠ። ዳኛውን በቅርብ የሚያውቅ ግን ይህን አይመርጥም። ማናልሞሽ ታውቃለች። ጓድ አለሙም በዚሁ እሳት ሰበብ በረንዳ ላይ ቆሟል። ‹እንደ ልማዳቸው› ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ትርፌ፣ ለዳኛው የነገርሻቸውን ድገሚው።»

«ታምሩ የሚባል ሰው ነፍስ ሲያጠፋ አየሁ ብዬ በሐሰት መሰከርኩ፤ ዳኛውም በእኔ ቃል ዕድሜ ልክ ፈረዱበት» አለች ትርፌ መሬት መሬቱን እያየች። «አቃቤ ሕጉ ‹ባትመሰክሪ አንቺንም አስራለሁ› ብሎኝ ነው። ዳኛው ሲሰሙ አለቀሱ። ‹ሰኞ በችሎት ፊት፣ የፈረድኩት በሐሰት ነው እላለሁ› አሉኝ።»

«ውሸት ነው!» አለ ብርሃነመስቀል።

«ምድጃው ሲነድ መያዣ ጆሮው ያቃጥላል። ማናልሞሽ በጨርቅ ነው የምታነሳው» አለ ማቴዎስ። «እስቲ እጆችዎን ከኪስ ያውጡ።»

ሰውየው መጀመሪያ ግራ እጁን አወጣ። በመጨረሻ ያወጣው የቀኝ መዳፉ ተላልጦ ውሃ ቋጥሯል።

«ጠሩኝ» አለ ድምፁ ተለውጦ። «ከስንት ዘመን በኋላ ቤታቸው ጠሩኝ። ‹ችሎት ላይ ከምትሰማው ከእኔ ስማው፤ ራስህን አዘጋጅ› አሉኝ። እንደ ወንድም ነው የነገሩኝ። ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። አልጋቸው ላይ ጋደም ሲሉ…»

«ባለቤታቸው በምን እንደሞቱ አያውቁም ነበር?»

ብርሃነመስቀል ቀና ብሎ አየው።

«አግብተው እንደነበር እንኳ አላውቅም።»

ማናልሞሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ዳኛውን ፖሊሶች ተሸክመው ቀበሯቸው። ታምሩ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ ከእስር ተፈታ። በአርባቸው ቀን ማናልሞሽ ዳቦ ጋግራ በረንዳው ላይ ብቻዋን ስትጠብቅ፣ ፀጉሩን የተላጨ አንድ ከሲታ ሰው በዝናብ ውስጥ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ዘመዳቸው ነህ?» አለችው።

«አይደለሁም» አለ። «ዕድሜ ልክ የፈረዱብኝ ሰው ነኝ።»

ማናልሞሽ የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።